ውሃ የሚያሸተው ወንድሜ

ረቡዕ ዕለት ከሌላው ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከካርቲየ 3፣ በሚኒባስ ወደ አምቡሊ ሄድን። ወንድሜ ጌታሁን ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። የምንሠራበት ችግኝ ጣቢያ ስንደርስ ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ ከሮቶው ውሃ ሞላነው። ጥላ የሌለበት ቦታ አስቀመጥነው፣ አልከደንነውም። ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ የሎሚና የአበባ ችግኞች ስናጠጣ ቆየን። ካምሲን የሚሉት የሞቃት ወራት ነፋስ ገና አልጀመረም ነበር፤ ሙቀቱ ይቻል ነበር።

ልንወጣ ስንል ወንድሜ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከ። ፊቱን ወደ ውሃው አስጠግቶ አሸተተ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

"ሚኪ፣ ና አሽትት።"

ተንበርክኬ አሸተትኩ።

"ምን አለ?"

"ትንሽ ትንሽ በረኪና።"

"ትንሽ ትንሽ። አፍንጫህ አድጓል" ብሎ ሳቀ። "እስከ ዓርብ ለቆ ያልቃል።"

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ያን ጊዜም አሽትተነው ቢሆን ጥሩ ነበር" አለ።

የትኛውን ጊዜ እንደሚል አውቄአለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን ነገር እሱ እንደሚያውቀው የገባኝ ያኔ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ልነግረው አሰብኩ፣ ሚኒባሱ ግን ጢም ብሎ ነበር። እሱ ካርቲየ 3 መግቢያ ላይ ጸጉር ቤት ጋ ወረደ። "ዓርብ ሰው ቤት ነው የምንሄደው፣ አንተም ብትስተካከል አይከፋም" አለኝ። እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ይህን የምጽፈው ሥራ ስለቀየርኩ ነው። ችግኝ ጣቢያው ተዘግቷል፤ ቦታው አሁን የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። እኔ ወደብ በር ላይ የኮንቴይነር ቁጥር እመዘግባለሁ። በቀደም አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ድሮ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ።

"ወይን" አልኩት።

"ትሸጥ ነበር?"

"አይ፣ ተክሉን።"

"ጅቡቲ ላይ? እዚህ የሚበቅለው ኮንቴይነር ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

አላስከፋኝም። ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ለሰው ማስረዳት አለመቻሌ ከነከነኝ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ መጻፍ አልለመድኩም። እንደመጣልኝ አስቀምጠዋለሁ።

የድሬዳዋ ልጆች ነን። ጌታሁን በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ወደ ጅቡቲ የመጣው አሮጌው ባቡር ገና በሚሠራበት ጊዜ ነው። ጣቢያው ውስጥ ጭነት ያወርድ ነበር። ባቡሩ ሲቆም አብረውት ይሠሩ የነበሩት ወደብ ገቡ። እሱ ግን በእረፍቱ ሰዓት የጣቢያውን ግቢ ዛፎች ያጠጣ ስለነበር አንድ ሰው አይቶት ወደ አምቡሊ ወሰደው። ያ ሰው ሀጂ ዋይስ ነው፣ የችግኝ ጣቢያው ባለቤት። እኔ ትምህርት ጨርሼ ስመጣ ወንድሜ ለእኔም ቦታ ለመነልኝ።

ሀጂ ዋይስ ቀኑን ሙሉ ከኒም ዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ከዚያ ይጮህ ነበር። "ዋርያ ጌታሁን፣ ወንድምህ ያንን የውሃ ጎማ እንደ እባብ ነው የሚይዘው" ይላል፤ ዋርያ በሶማሊኛ አንተዬ እንደማለት ነው። ድምፁ ከፍ ያለ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም የመኖሪያ ፈቃዳችንን በየዓመቱ ራሱ ተሰልፎ ያሳድስልን ነበር።

ወይኑ እንዲህ ነው። በከተማው አሮጌ ቤቶች፣ በተለይ ዘራቸው ከየመን የሆነ ሰዎች ግቢ ውስጥ፣ አንድ ወይን ይኖራል። በሽቦና በእንጨት ዳስ ላይ ይወጣና ግቢውን ያለብሳል። ፍሬው ብዙ አይደለም። ሰዎቹ የሚፈልጉት ጥላውን ነው። በዚህ አገር የወይን ጥላ ያለው ቤትና የሌለው ቤት አንድ አይደሉም።

የእነዚህ ወይኖች ጠላት ዕጢ ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ያብጣል፤ መጀመሪያ ነጭና ለስላሳ ነው፣ በኋላ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። ግንዱን አንቆ ይይዘዋል። ላይ ያለው ቅጠል ያንሳል፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ዳሱ ባዶ ይቀራል። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ወይኑ ውስጥም ተደብቆ ይኖራል፣ የሚገባው በቁስል ነው። ቁስሉን ደግሞ ፍየል ታመጣለች። የሰፈራችን ፍየሎች ካርቶን በልተው ሲሰለቻቸው የወይን ግንድ ይግጣሉ።

ወንድሜ ስለዚህ ነገር የተማረው ከዶክተር ፋጡማ ነው። የዚሁ አገር ሰው ነች፣ ውጭ ተምራ የመጣች፤ አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ዕጢ ያለበት ወይን ፍለጋ ወደ እኛ መጣች። ሀጂ "የታመመ የለንም" ሲላት ወንድሜ ከኋላው ሆኖ አለ እንደማለት ራሱን ነቀነቀላት። በማግስቱ ሰባት ቤት ይዟት ዞረ። አንዱ ግቢ ውስጥ ወይኖቹ ሁሉ አብጠው አንድ አሮጌ ግንድ ብቻ ንጹሕ ሆኖ አገኙት። ፍየል ግጣዋለች፣ ሽቦ ቆርጦታል፣ ግን አላበጠም። ዶክተሯ ከእሱ ትንሽ ቆርጣ ወሰደች። ውስጡ የሚኖር ሌላ ባክቴሪያ አገኘች። የዕጢው ዘመድ ነው፣ ግን አያሳምምም። ብዙ ጊዜ በማሰሮ ውስጥ ፈተነችው፣ ከእሱ ጋርና ያለ እሱ እየተከለች። ማሰሮዎቹን የሚያጠጣው ወንድሜ ነበር።

"ይሄ ታዲያ መድኃኒት ነው?" ብሎ እንደጠየቃት ነግሮኛል።

"አይደለም፣ ተከራይ ነው" አለችው። "ቀድሞ ቁስሉ ላይ ከገባ ቤቱ ተያዘ ማለት ነው። ክፉው ሲመጣ ቦታ ያጣል። ክፉው ቀድሞ ከገባ ግን ይሄኛው ምንም አያደርግለትም።"

ወንድሜ ይህን ቃል ወደደው። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎቹን ተከራዮቹ እያለ ነበር የሚጠራቸው። አበሻ ሲጠይቀው ደግሞ "እነዚህ ወረቀት አላቸው፣ ማንም ተነሡ አይላቸውም" ይል ነበር።

የዶክተሯ ሥራ ተዘግቶ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ተከራዮቹ ያሉባቸውን ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ትታለት ሄደች። በሀጂ ዋይስ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከኢንሱሊኑ አጠገብ አስቀመጣቸው። በየተወሰነ ሳምንት ወደ አዲስ ቱቦ ያዛውራቸዋል፤ ካላዛወራቸው ይሞታሉ። አንዳንዴ ስልክ ትደውልና "እንዴት ናቸው?" ትለዋለች። "ደኅና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል" ይላታል።

አሠራሩን ልጻፈው፣ አሁን የሚሠራው ሰው የለምና። ቀጭን ሽቦ በእሳት ታግላለህ፣ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለህ። ከቱቦው በጣም ትንሽ ትነካለህ። እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ በሽቦው መስመር ትስላለህ፣ ትከድናለህ። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ነጣ ያለ፣ የሚያንሸራትት ነገር ሳህኑን ያለብሰዋል። በንጹሕ ውሃ ታጥበዋለህ፤ ውሃው ሩዝ የታጠበበት ይመስላል። ከዚያ የችግኙን ሥር ጫፍ ጫፉን ትቆርጣለህ። አስቀድመህ አይደለም፣ እዚያው ስትነክረው ነው፤ ቁስሉ ትኩስ እያለ ተከራዩ መግባት አለበት። አንድ ሰዓት ይነከራል። ሥሩ ፀሐይ ሳይመታው ይተከላል።

ሌሎቹ ልማዶቹ ከሥራው ጋር የተያያዙ ናቸው። ከአንዱ ወይን ወደ ሌላው ሲሄድ መግረዣውን አልኮል ውስጥ ሳይነክር አይነካም። "መቀሱ ራሱ ሚኒባስ ነው፣ በሽታውን ከቤት ቤት ያደርሳል" ይል ነበር። ጥፍሩ ሁልጊዜ የተቆረጠ ነው። ደግሞም አይሆንም ማለት አያፍርም። ሰው ያበጠ ወይን አለኝ ብሎ ሲመጣ "ላበጠው አይሆንም፣ ነቅለው ያቃጥሉት፣ ሌላ ቦታ አዲስ እተክልልዎታለሁ" ይላል።

"ዋርያ፣ ደንበኛ በእግሩ መጥቶ አይሆንም የሚል ነጋዴ አንተ ብቻ ነህ" ብሎ ሀጂ ይቆጣዋል።

"ነጋዴው እርስዎ ነዎት ሀጂ። እኔ አትክልተኛ ነኝ።"

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

ኡም ሳሊም ካርቲየ 3 ውስጥ ከእኛ ሦስት መንገድ ርቀው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው የተከለው ወይን ነበራቸው። ባልየው ሞተ፣ ወይኑም አብጦ ሞተ። ወንድሜ ነቀለላቸው። አፈሩን ቀይሮ በሌላው ጥግ አዲስ እንደሚተክል፣ ተከራዮቹ እንደሚጠብቁት ነገራቸው። በዚያ ሳምንት ለስድስት ቤት አሥራ ሁለት ችግኝ አዘጋጀን። ሁሉም ቀድሞ የታመመ ወይን የነበረባቸው ቤቶች ነበሩ።

በመንከሪያው ቀን ወንድሜ ሳህኖቹን እያጠበ ነበር። "ሚኪ፣ ውሃ ሙላ" አለኝ። ከሮቶው ሞላሁ።

እዚህ ከተማ የጣሪያ ሮቶ ውሃ ቶሎ ይበላሻል፣ ትል ያወጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በረኪና ይጨምርበታል፤ እዚህ ጃቬል ይሉታል። እንደ ጨው የተለመደ ነው፤ ጨመርኩ ብሎ የሚናገር የለም። የችግኝ ጣቢያውን ሮቶ የማጥበው እኔ ነበርኩ። በዚያ ጠዋት አጥቤ፣ ሞልቼ፣ ጃቬሉን ጨምሬ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ከእሱ ቀዳሁ። ጃቬል ባክቴሪያ እንደሚገድል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የምንጨምረው ለዚያ ነው። ግን የሮቶው ባክቴሪያና የወንድሜ ተከራዮች አንድ ዓይነት ነገር መሆናቸው ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኘም።

ስለዚህ አሥራ ሁለቱን ሥሮች የተከራዮቹ ሬሳ ውስጥ ነው የነከርናቸው። እንደዚያ ማለት እችላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ማበጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የኡም ሳሊም፣ ከዚያ ሌሎቹ። ወንድሜ ዶክተር ፋጡማ ጋ ደወለ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎት ስለነበር ሰማሁ።

"ውሃው የምን ነበር?" አለችው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "ከየት ነው የቀዳኸው?"

"ከቧንቧው" አልኩ። የሮቶው ጃቬል ተከራዮቹን እንደገደላቸው ያኔ ገብቶኝ ነበር። አፌ ግን ቀድሞኝ ሄደ።

ወደ ስልኩ ተመለሰ። "ቱቦዎቹን ማዛወር አዘግይቼ ይሆናል፣ ደክመው ይሆናል" አላት። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ስድስቱንም ቤት ዞረ። በየበሩ ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ያበጡትን የሚቆርጥበትን መጋዝ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንዳንዶቹ "ምንም አይደል" አሉት። ኡም ሳሊም ግን ጎረቤት እየሰማ "ይሄ ሐበሺ መርዝ ሸጠኝ" አሉ፣ በሩን ዘጉበት። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። አንዳንድ ሰዎች ሲያዩት ከበራቸው ተነሥተው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። በኡም ሳሊም ቤት መንገድ ላይ ለአምስት ዓመት ዳቦ ለመግዛት እንኳ አላለፈም፤ ዞሮ ነበር የሚሄደው። እኔም አብሬው እዞር ነበር።

ውሃውን በሰፊ ሳፋ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማሳደር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጃቬሉ በአንድ ቀን ፀሐይ ይለቃል፤ ይህንን ከማን እንደሰማ አልነገረኝም። ለምን እንደሚያደርገውም አልነገረኝም። ያሸታል ብቻ። እኔንም ያስሸትተኛል።

ከዚያ ወዲህ የተከልናቸው ወይኖች አላበጡም። ሰው ያያል። ባለፈው ዓመት የኡም ሳሊም ልጅ መጣች። "እናቴ አንድ እንሞክር ብላለች። ግን ራሱ ይምጣ፣ ልጅ እንዳይልክ ብላለች" አለችው። ወንድሜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ቀኑ ዓርብ ጠዋት ተባለ። ጸጉሩን የተስተካከለው ለዚያ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ከባለ ሱቁ ወንበር ላይ አረፍ አለ። ባለ ሱቁ ጠዋት ሁልጊዜ ስለሚቀልዱ ዝም ሲለው "ጌታሁን፣ ዛሬ ምላስህን ሸጥከው እንዴ?" አለው። አልመለሰለትም። እኔ ስደርስ ዳቦው ጉልበቱ ላይ ነበር። ሐኪም ቤት ልብ ነው አሉ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

እዚህ በሙቀቱ ሬሳ አይቆይም። ከሰዓት ቀበርነው። የወደብ ሰዎች መጡ፣ የድሮ የባቡር ጓደኞቹ መጡ። ሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ከአሠሪዎቻቸው አንድ አንድ ሰዓት ለምነው መጡ። አንዷ አሠሪዋን ራሷን ይዛ መጣች፤ ግቢዋ ውስጥ የወንድሜ ወይን አለ። ሀጂ ዋይስ ከመካነ መቃብሩ በር ውጭ ቆሞ ነበር። ሳይጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ምንጣፉ ተዘርግቶ ነበር፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይመጣል። እኔ ተነሣሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር "የት ነው የምትሄደው የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"ሥራ አለ።"

"ዛሬ?"

"የሱ ነው፣ እትዬ።"

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። "በል ቶሎ ተመለስ፣ ሰው እኔ አስተናግዳለሁ" አሉኝ።

አምቡሊ ማንም የለም። ሳፋው እንዳስቀመጥነው ነበር። ተንበረከክሁና አሸተትኩ። ተነሥቼ ዞር ዞር አልኩ፣ እንደገና አሸተትኩ። ምንም የለበትም። ሳህኑን ከጨርቁ ሥር አወጣሁ፤ ጨርቁ ደርቆ ነበር፣ ሳህኑ ግን ደኅና ነው። እሱ ማክሰኞ የሳለው ነው። አጠብኩት። ውሃው ደፈረሰ። የሥሩን ጫፍ ቆርጬ ነከርኩ። ያንን አንድ ሰዓት ምን እያሰብኩ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

ችግኙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ከሳፋው ውሃ አንድ ጄሪካን ቀድቼ፣ በዚያ አምስት ዓመት ባላለፍንበት መንገድ ሄድኩ።

በሩን ልጅቷ ከፈተች። ኡም ሳሊም ከኋላዋ ወንበር ላይ ነበሩ። የሳቸው ዓረብኛና የእኔ ሶማሊኛ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ተግባብተናል።

"ሰምቻለሁ። አላህ ያጽናህ" አሉ። "ዛሬ መምጣት አልነበረብህም።"

"ኡሚ፣ ያ የመጀመሪያው ወይን" አልኩ። ጄሪካኑን አላስቀመጥኩም። "ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ውሃው ውስጥ ጃቬል ነበረበት። ጃቬሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ውሃውን የቀዳሁትም እኔ ነኝ። ስጠየቅ ዋሸሁ።"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

"እሱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎኝ ነበር። እዚች በር ላይ ቆሞ።"

"አዎ።"

"ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

መቁጠሪያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ጎረቤት ሁሉ እየሰማ መርዝ ሸጠኝ ብያለሁ" አሉ። "ይህን ቃል አሁን ለማን ልመልሰው?"

"እኔም የምነግረው ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት።"

ወደ ግቢው ጥግ አመለከቱ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር፣ አፈሩም ተቀይሯል፤ የልጅ ልጃቸው ሐሙስ ከሰዓት ቆፍሮት ኖሯል። "በል ትከል" አሉኝ። "ጎረቤቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ።" ከዚያ ልጃቸውን "ውሃ አምጪለት" አሏት።

ተከልኩት። ሥሩን ዘርግቼ አፈሩን በእጄ ጫንኩ። ፍየል እንዳትደርስ ዙሪያውን ሽቦ አሰርኩ። ልጅቷ ከጣሪያው ሮቶ በባልዲ ቀድታ አመጣች። ተንበርክኬ አሸተትኩት።

"ምን እያደረገ ነው ይሄ ልጅ?" አሉ ኡም ሳሊም።

"ጃቬል አለበት" አልኩ። "ሰፊ ሳፋ ላይ ገልብጡትና ፀሐይ ላይ ይዋል ይደር። ከማጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። ምንም ካልሸተተ ስጡት።"

ባልዲውን ወደ ጎን አደረግሁ። ከጄሪካኑ የወንድሜን ውሃ ቀስ ብዬ አፈሰስኩለት፣ እስኪያልቅ።